ከአፈር የሚሸሽ ሥር፦ የኦርኪድ ማብቀያ ታሪክ ከዲክሲስ ሲታይ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ አሰላ ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ የተስተካከለ)



የዛሬውን ንግግሬን ከአንድ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ እጀምራለሁ። ልጅ ሳለሁ፣ ዲክሲስ ባለው ቤታችን ደጃፍ፣ እናቴ አበባ የምትተክልባቸው ቆርቆሮዎች በግድግዳው ሥር ተደርድረው ይታዩ ነበር። በአንዱ ዓመት፣ በጅማ አካባቢ በቡና ሥራ የቆየ አጎቴ ለመስቀል ሲመጣ፣ የቡና ጥላ ዛፍ ሲጸዳ ከወደቁት ተክሎች አንዱን ከነተጣበቀበት ቅርፊት በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣላት። ቅጠሉ ወፍራም፣ ሥሩ እንደ ገመድ ድቡልቡልና ግራጫ ነበር። ከመጣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ረጅም ጭራ ያላቸው፣ ኮከብ የመሰሉ ነጫጭ አበቦች አወጣ፤ ሲመሽም ቤቱን በመዓዛው ሞላው።

እናቴ ይህን እንግዳ ልታከብረው ፈለገች። በእኛ ዘንድ እንግዳ የሚከበረው ከቤት ያለው ምርጡ ቀርቦለት ነው፤ የዲክሲስ ምርጡ ነገር ደግሞ አፈሩ ነው። ስንዴና ገብስ ከሚበቅልበት ማሳ ጥቁሩን አፈር አምጥታ፣ ከበረት የበሰበሰ ፍግ ጨምራ ቆርቆሮውን ሞላች፤ የተክሉን ግራጫ ሥር አንድም ሳታስቀር ቀበረችው፤ ጠዋትና ማታም አጠጣችው። በሦስተኛው ወር ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ብነቅለው ሥሩ ለስልሶ በእጄ ላይ ቀለጠ። እናቴ ቆርቆሮውን እየደፋች፣ «ምን አጎደልንበት?» አለች። የዛሬው ንግግሬ ከብዙ ዓመታት በኋላ ለዚያ ጥያቄ የምሰጠው መልስ ነው።

ጥያቄው የአንድ ቤት ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ መድረክ ባላቀረብኩት ነበር። ነገር ግን ያው ስሕተት፣ በዚያው ቅን ልቡና፣ በዓለም ስመ ጥር በሆኑ የዕፅዋት ቤቶች ሲደጋገም ኖሯል። ላቀርበው የምፈልገው ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ ሰዎች ለኦርኪድ ማብቀያ ሲመርጡ በአብዛኛው የመረጡት በአጠገባቸው በርካሽ የተገኘውን፣ ብዙውን ጊዜም የሌላ ሥራ ትራፊ የሆነውን ነው። ተክሉ ፈቃዱን የገለጸው ከዚያ በኋላ፣ በመኖር ወይም በመሞት ነው። ስለዚህ የማብቀያ ታሪክ «ለተክሉ ምን ይስማማዋል?» የሚለው ጥያቄ ብቻ ሳይሆን፣ «የምንሞላው ነገር ከየት ተወሰደ?» የሚለውም ጥያቄ ታሪክ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ዛሬ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል።

ማብቀያ ስል በአትክልት ሥራ ሚዲያ የሚባለውን፣ ማለትም ሥር የሚይዘውን፣ ውኃና አየር የሚያገኝበትን፣ በዕቃ ውስጥ የሚሞላውን ማንኛውንም ነገር ማለቴ ነው። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድሜ አስታውሳለሁ።

የተክሉ ጠባይ

በኢትዮጵያ ከ160 የሚበልጡ የኦርኪድ ዝርያዎች ይገኛሉ። ይህን የምናውቀው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድን ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ትብብር በ1980 ተጀምሮ በ2009 ከተፈጸመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ጥናት ነው። ኦርኪዶችን የያዘው ስድስተኛው ቅጽ በ1997 ታተመ፤ በ2004 ደግሞ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከፊሊፕ ክሪብና ከፊን ራስሙሰን ጋር ያዘጋጁት የኢትዮጵያ ኦርኪዶች የመስክ መመሪያ ወጣ።

እነዚህ ኦርኪዶች በኑሯቸው በሁለት ይከፈላሉ። ከፊሎቹ እንደ ሀቤናሪያና ሳቲሪየም ያሉት በሣር መስክና በጫካ ወለል ላይ በአፈር ውስጥ የሚኖሩ፣ በጋውን ከመሬት በታች ባለ ኮረት ተደብቀው የሚያልፉ ናቸው። ሌሎቹ እንደ ኤራንጊስና ፖሊስታኪያ ያሉት በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ናቸው። አጎቴ ያመጣው ተክል፣ ከአበባው ቅርጽና ከሌሊት መዓዛው ስገምት፣ ከኤራንጊስ ወገን ሳይሆን አይቀርም። በዛፍ ላይ ይኑሩ እንጂ ዛፉን አይመጠምጡም፤ ዛፉ ማረፊያቸው ብቻ ነው። የሚጠጡት ዝናብና ጉም ነው፤ የሚመገቡት ውኃው ከቅጠልና ከቅርፊት እያጠበ የሚያወርደውን ጥቂት ማዕድን ነው።

የእነዚህ ተክሎች ሥር ቬላመን በሚባል እንደ ስፖንጅ ባለ የሞቱ ሕዋሳት ልባስ የተሸፈነ ነው። ዝናብ ሲነካው በቅጽበት ውኃ ይመጥጥና አረንጓዴ ይሆናል፤ ሲደርቅ ልባሱ በአየር ይሞላና ተመልሶ ብርማ ግራጫ ይሆናል። ይህ ሥር የተሠራው ለመርጠብም ለመድረቅም ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ከቀረበት ሥራው ይቋረጣል። ዘወትር በረጠበና አየር በሌለው አፈር ውስጥ ከተቀበረ ይታፈናል፤ የታፈነውንም ፈንገስና ባክቴሪያ ያበሰብሱታል። እናቴ ያን ሥር በጥቁር አፈር ስትሸፍነው ያደረገችው ይህንኑ ነበር።

ስለዚህ ወገን የተጻፈ አንድ የቆየ ሳይንሳዊ ጽሑፍ ራሱ አንድ ነገር ያስተምረናል። በ1830ዎቹ መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ሁለቱ ፈረንሳውያን የዕፅዋት ሰብሳቢዎች፣ ካርቴን ዲሎንና ፔቲ፣ ሁለቱም እዚሁ አገር ሞተው ቀሩ። የሰበሰቡትን ደረቅ ናሙና መሠረት አድርጎ አሺል ሪሻር ከ1847 እስከ 1851 ፓሪስ ላይ ስለ ኢትዮጵያ ዕፅዋት ሰፊ ሥራ አሳተመ። ዛሬ ኤራንጊስ ብራኪካርፓ የምንለውን ኦርኪድ እርሱ ዴንድሮቢየም ብሎ ከሌላ ወገን ጋር ቆጥሮት ነበር። ሪሻርን ለመንቀፍ አይደለም ይህን የማነሳው። በወረቀት ላይ ተጣብቆ የደረቀ ተክል ቅርጹን ያሳያል እንጂ ሥሩ ምን ያህል ነፋስ ያገኝ እንደነበረ አይናገርም። አውሮፓውያን አትክልተኞችም የተቸገሩት በዚሁ ነው፤ ተክሉን አገኙ፣ ኑሮውን ግን አላዩም።

ከልጥ እስከ ድንጋይ ሱፍ

ወደ አውሮፓ እንሻገር። በእንግሊዝ ኪው በሚገኘው የዕፅዋት ቤት አንድ የሞቃት አገር የዛፍ ኦርኪድ በ1787 አበበ። በ1812 ገደማ ደግሞ ለንደን አጠገብ ሃክኒ ላይ የሎዲጅስ ቤተሰብ ኦርኪድን ለሽያጭ ማሳደግ ጀመረ። ከዚያ በኋላ በመርከብ የሚመጣው ተክል በዛ፤ የሚሞተውም እንደዚያው በዛ። የአገሩ ዕፅዋት አዋቂዎች ራሳቸው እንግሊዝን የኦርኪድ መቃብር እስከማለት ደርሰው ነበር።

ለዚህ ሁለት ምክንያት ነበረ። የመጀመሪያው፣ «ሞቃት አገር» ሲባል ሁሉም ተክል ከአንድ ሙቅና ጭጋጋማ ስፍራ የመጣ መስሏቸው፣ የመስተዋት ቤቱን ዘግተው እንፋሎት ይሞሉት ነበር። ብዙዎቹ ኦርኪዶች ግን ከቀዝቃዛ ተራራ የመጡ ነበሩ። አዲስ አበባን ወይም አሰላን በሐምሌ ለሚያውቅ ሰው ከምድር ወገብ አጠገብም ብርድ መኖሩ አያስገርመውም፤ ለእነርሱ ግን የሚያስገርም ነበር። ሁለተኛው ምክንያት ማብቀያው ነው። ተክሉን በለም አፈርና በበሰበሰ እንጨት ይተክሉት ነበር፤ ማሰሮውንም በቆዳ ማልፊያ ልጥ ክምር ውስጥ ይቀብሩት ነበር። ልጡ ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣ ትራፊ ነው፤ ሲብላላ ስለሚሞቅ ለመስተዋት ቤት ማሞቂያነት ያገለግል ነበር። እነሆ የታሪካችን የመጀመሪያው ትራፊ ይህ ነው። ለኦርኪድ የተመረጠው ኦርኪድ ስለወደደው ሳይሆን ቆዳ ፋቂዎች ስለጣሉት ነው።

ነገሩን መለወጥ የጀመሩት ተክሉን በጥሞና የተመለከቱ ሰዎች ናቸው። ሰር ጆሴፍ ባንክስ ኦርኪዶቹን ከቀጭን እንጨት በተሠራ ቅርጫት ውስጥ አድርጎ፣ ሥራቸውን ሞስ በሚባለው አረንጓዴ የግንድ ልባስ ሸፍኖ ከጣሪያ ላይ ያንጠለጥላቸው ነበር። ቻትስዎርዝ በሚባለው የመኳንንት ግቢ ዋና አትክልተኛ የነበረው ጆሴፍ ፓክስተን ደግሞ በ1830ዎቹ የመስተዋት ቤቱን መስኮት ከፈተ፤ ሙቀቱን እንደ ተክሉ አገር ለያየ፤ ውኃው ከማሰሮው ፈጥኖ እንዲወርድ አደረገ። የእነዚህ ሰዎች ብልሃት አዲስ ነገር በመጨመር ሳይሆን ሙቀትን፣ ውኃንና አፈርን በመቀነስ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የኦርኪድ ዋና ማብቀያ ኦስሙንዳ የተባለው የፈርን ሥር ጭረት ሆነ። ረግረግ ላይ የሚበቅል ፈርን ነው፤ ሥሩ ጥቁርና ጠንካራ ሽቦ ይመስላል፤ ውኃ ይይዛል፣ በመካከሉ አየር ያሳልፋል፣ ቶሎም አይበሰብስም። ለተክሉ በእርግጥ ተስማሚ ነበር። ችግሩ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ1899 ፈረንሳዊው ኖኤል በርናር የኦርኪድ ዘር ያለ ፈንገስ እርዳታ እንደማይበቅል አስተዋለ፤ ዘሩ እንደ ዱቄት የደቀቀና ስንቅ የሌለው ስለሆነ የመጀመሪያ ምግቡን የሚያገኘው ከፈንገሱ ነው። በ1922 ደግሞ አሜሪካዊው ሉዊስ ክኑድሰን ዘሩን ስኳርና ማዕድን ባለበት ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ ያለ ፈንገስ ማብቀል እንደሚቻል አሳየ። በዚህም ኦርኪድ ከመኳንንት ግቢ ወጥቶ በብዛት የሚመረት ሸቀጥ ለመሆን በቃ። የተክሉ ቁጥር ሲበዛ የማብቀያው ፍላጎት በዛ፤ ከረግረግ በእጅ እየተቆፈረ የሚወጣው ኦስሙንዳም እየተወደደና እየጠፋ ሄደ።

በ1950ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ምትክ ተገኘ፤ እርሱም የፈር ዛፍ ቅርፊት ነበር። የእንጨት መሰንጠቂያዎች ከሚጥሉት ክምር የተወሰደ፣ ማለትም ሁለተኛው ትራፊ መሆኑ ነው። ርካሽ ነበረ፤ አየር ያሳልፍ ነበረ። ነገር ግን ቅርፊቱን የሚያበሰብሱት ረቂቅ ሕዋሳት ናይትሮጅኑን ለራሳቸው ስለሚወስዱት ተክሉ ተራበ፤ አብቃዮቹም ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ መጨመር ግድ ሆነባቸው። ማብቀያ ሲለወጥ ማዳበሪያውም፣ የውኃ ማጠጫ ቀኑም አብሮ ይለወጣል፤ ከእነዚህ አንዱን ብቻ ለይቶ መለወጥ አይቻልም።

ሌሎቹን ባጭሩ ላንሳ። የዛፍ ፈርን ግንድ ብዙ ጊዜ አገልግሏል፤ ዛሬ ሳያቲያ የተባለው ወገን ዓለም አቀፍ ንግዱ በሳይቲስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። አተላማ የረግረግ አፈር የሆነው ፒት በሺህ ዓመታት የተከማቸ ካርቦን ስለሆነ መቆፈሩ እያነጋገረ ነው። የኮኮናት ልጣጭ፣ ኮኮ ፒት የምንለው፣ በስሪላንካና በህንድ ከገመድ ሥራ የቀረ ሦስተኛ ትራፊ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ዴንማርክ ውስጥ የድንጋይ ሱፍ ለአትክልት ማብቀያነት ዋለ፤ እርሱም ባዛልት የተባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በከፍተኛ ሙቀት ቀልጦ እንደ ጥጥ የተፈተለ ነው። ይህን የመጨረሻውን በልባችሁ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አርሲና የጫካው አፈር

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ1967 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ባደረጉት ስምምነት ካዱ በመባል የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤቱን እዚህ አሰላ ላይ አድርጎ ሥራ ጀመረ። ካዱ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው በማዳበሪያው፣ በምርጥ ዘሩና በወተት ላሙ ነው። በሥራው ውስጥ ግን የደን ልማትም ነበረበት፤ ፕላስቲክ ውስጥ አፈር ሞልቶ ችግኝ ማፍላት ለእኛ አካባቢ የተለመደ ሥራ የሆነው በዚያ ዘመንና ከዚያ ወዲህ ነው።

እኔም ተማሪ ሳለሁ በክረምት ዕረፍት በአንድ ችግኝ ጣቢያ ፕላስቲክ ስሞላ ከርሜያለሁ። የተነገረን ልክ 3 እጅ የአካባቢ አፈር፣ 2 እጅ የጫካ አፈር፣ 1 እጅ አሸዋ የሚል ነበር። የጫካውን አፈር የምናመጣው ቢርቢርሳና ሄቶ፣ ማለትም ዝግባና ኮሶ፣ ከቆሙበት ቁጥቋጦ ሥር እየጠረግን ነበር። ያን ጊዜ ማንም፣ እኔንም ጨምሮ፣ አፈሩ ከሄደ በኋላ የዛፎቹ ዘር በምን ላይ እንደሚወድቅ አልጠየቀም።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 8 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 15 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ፕላስቲክ ወደ ሦስት አራተኛ ሊትር ይይዛል። 100,000 ችግኝ ለማፍላት 75 ሜትር ኩብ ድብልቅ ያስፈልጋል፤ ከዚህ አንድ ሦስተኛው፣ ማለትም 25 ሜትር ኩቡ፣ የጫካ አፈር ነው። ከጫካው ወለል ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ብንጠርግ 250 ካሬ ሜትር እናራቁታለን፤ ከአንድ የመረብ ኳስ ሜዳ የሚበልጥ ነው። ለአንድ ሚሊዮን ችግኝ ዐሥር እጥፍ ይሆናል። አንድ ጊዜ ቢሆን ጫካው ይችለው ይሆናል። በየዓመቱ፣ ለመንገድ ከሚቀርበው ከዚያው ዳር ሲሆን ግን፣ ደን ለማልማት ደን እየላጥን ነው ማለት ነው።

ለቀደሙት ፍትሕ እንስጥ፤ የጫካ አፈር ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ለም ነው፤ ልል ነው፤ ከሁሉ በላይ ችግኙ የሚፈልገውን ፈንገስ ይዞ ይመጣል። ጥድ ያለ ፈንገሱ እንደሚቀጭጭ በአፍሪካ የደን ጣቢያዎች በተግባር ታይቷል፤ በርናር በኦርኪድ ዘር ላይ ያየውም የዚሁ ዘመድ የሆነ እውነት ነው። ነገር ግን ፈንገሱን ለማስገባት ጥቂት እፍኝ ይበቃል፤ የድብልቁን ሲሶ በጫካ አፈር መሙላት አያስፈልግም። ቀሪው ልልነት ከኮምፖስት ሊገኝ ይችላል።

በ1930ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ በጆን ኢነስ የአትክልት ተቋም የተደረገው ሥራ በዚህ ረገድ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ አትክልተኛ ለእያንዳንዱ አበባ የራሱ ምስጢራዊ ድብልቅ ነበረው። ሎረንስና ኒውዌል የተባሉት ባለሙያዎች የፕሪሙላ ችግኞቻቸው በብዛት ስለሞቱባቸው ነገሩን ከሥሩ መረመሩ፤ አፈሩን በእንፋሎት አጸዱ፤ መጠኑን ለኩ። መጨረሻ ላይ ያ ሁሉ ምስጢር ወደ ሁለት ድብልቆች ወረደ፦ አንዱ ለዘር፣ አንዱ ለችግኝ። የድብልቅ ልክ ከአባት የተወረሰ ነውና አይነካም የሚለው እምነት የፈረሰው በመለካት ነው። የእኛም 3፣ 2፣ 1 ሊለካ ይገባዋል።

ቀዩ ድንጋይ

ከአሰላ አፋፍ ቆሞ ወደ ምዕራብ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው የዝዋይ ሐይቅ ይታየዋል። ከ2000ዎቹ ወዲህ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ከተተከሉት የጽጌረዳ እርሻዎች ውስጥ አበባውን በአፈር ሳይሆን በቀይ አሽ ላይ የሚያበቅሉ አሉ። ቀይ አሽ ግንበኛና መንገድ ሠሪ ሁሉ የሚያውቀው፣ በሳይንስ ስሙ ስኮሪያ የሚባለው፣ ጉድጓዳ ጉድጓድ ያለበት ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከቢሾፍቱ እስከ ሞጆ ባለው ምድር ቀይ የተገመሱ ኮረብታዎች ሆኖ የምናየው እርሱ ነው።

አሁን ወደ ድንጋይ ሱፍ እመለሳለሁ። አውሮፓ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አቅልጣ፣ ነዳጅ አቃጥላ፣ አየር የሚያሳልፍ ማብቀያ ሠራች። እኛ አገር ምድር ራሷ አቅልጣ፣ በጋዝ አረፋ ነፍታ፣ አቀዝቅዛ አስቀምጣዋለች። በዚህ ድንጋይ ውስጥ ያሉት ደቃቅ ቀዳዳዎች ውኃ ይይዛሉ፤ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ያለው ክፍተት አየር ይይዛል። አይበሰብስም፤ ናይትሮጅን አይሻማም፤ ታጥቦ ደግሞ ሊያገለግል ይችላል። የዛፍ ኦርኪድ ሥር ከቅርንጫፍ ላይ የሚያገኘውን፣ ቶሎ መርጠብንና ቶሎ መድረቅን፣ ከምናውቃቸው ነገሮች ሁሉ አቅርቦ የሚሰጥ እርሱ ይመስለኛል።

ለተግባር የሚሆን ጥቂት ልጨምር። ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ፍርክስካሽ በወንፊት ለይቶ፣ ዱቄቱ እስኪወጣ ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል፤ ዱቄቱ ከቀረ ክፍተቱን ይደፍነዋል። በተመሳሳይ መጠን የተሰበረ ከሰል ቢጨመር ክብደቱ ይቀንሳል። ማንኛውም ማብቀያ ከዕቃው ግርጌ ውኃ ማቆሩ አይቀርም፤ የሚያቁረው ውኃ ከፍታ በረጅሙም ባጭሩም ዕቃ አንድ ስለሆነ፣ ዝቅ ባለ ዕቃ ውስጥ ከድምሩ የሚበልጠው ክፍል ረጥቦ ይቆያል። ስለዚህ የዕቃው ጎንና ግርጌ በብዛት መበሳት አለበት። እንደ ዲክሲስ ባለ ደጋ በክረምት ከዝናብ መከለል፣ በበጋ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ማጠጣት ይገባል፤ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ማታ የጠጣ ሥር ሳይደርቅ ያድራል። ድንጋዩ ምግብ ስለሌለው በጣም የቀጠነ ማዳበሪያ በየጊዜው ይሰጠዋል፤ ጨው እንዳይጠራቀምም በመካከሉ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል። ይህ ሁሉ ለዛፍ ኦርኪድ ነው። የሣር መስክ ኦርኪዶችን ከኮረታቸው ነቅሎ ወደ ማሰሮ ማዛወርን አልመክርም፤ ከፈንገሳቸውና ከመሬታቸው ሲለዩ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታሉ።

ቀይ አሽም ቢሆን ዕዳ የለበትም አልልም። ኮረብታ ተቆርሶ ነው የሚመጣው፤ የተቆረሰው ኮረብታም ተመልሶ አያድግም። ልዩነቱ በመጠኑ ላይ ነው። ለጥቂት መቶ ማሰሮ የሚበቃው ለመንገድ ሥራ ከሚጫነው ከአንድ መኪና ላይ የሚራገፍ ነው፤ ከጫካ ወለል ወይም ከከፍታው የአስታ ዱር በታች ከሚጠረግ ሞስ ጋር አይወዳደርም። ከተራራዎቻችን ሞስ መቧጠጥ ክረምቱን ውኃ ይዞ ለበጋ የሚያቆየውን ስፖንጅ መግፈፍ ነውና።

ማጠቃለያ

ነገሩ የጥቂት አበባ ወዳዶች ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዛፍ ኦርኪዶቻችን የሚኖሩት በሸመገሉ ዛፎች ላይ ነው። ክሪስቶፈር ሂላንደርና ፕሮፌሰር ስለሺ ነሞምሳ በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ በጓሮ ቡና ጥላ ዛፎች ላይ በርካታ የዛፍ ላይ ዕፅዋት ተጠልለው እንደሚገኙ አሳይተዋል። ገበሬው ዛፉን ካቆየ ኦርኪዱም ይቆያል ማለት ነው። ዛፉ ሲቆረጥ ወይም ሲጸዳ ግን እነዚህ ተክሎች መሬት ላይ ይወድቃሉ፤ መሬት ላይም አይኖሩም። የአጎቴ ተክል ከእነዚህ አንዱ ነበር።

ስለዚህ ለፋኩልቲያችን ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ዛፍ ሲወድቅ አብረው የሚወድቁትን ኦርኪዶች በሕጋዊ ፈቃድ የምናቆይበት፣ በቀይ አሽና በቅርፊት ላይ የሚተከሉበት አነስተኛ መጠለያ ቤት ይኑረን፤ ከቆመ ዛፍ ላይ ግን አንድም ተክል አይነቀል። ኢትዮጵያ ከ1989 ጀምሮ የሳይቲስ አባል መሆኗንና የኦርኪድ ወገን በሙሉ በዚያ ስምምነት የተያዘ መሆኑንም ተማሪዎቻችን ይወቁ። ሁለተኛ፣ በችግኝ ጣቢያዎቻችን የጫካ አፈርን በኮምፖስትና በጥቂት የፈንገስ እርሾ የሚተካ ድብልቅ ለመለካት የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪ ይገኝ። ያ ጽሑፍ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ባልዲ፣ ሚዛንና ሁለት ክረምት ይበቃዋል።

እናቴ ዛሬም ዲክሲስ ናት፤ ቆርቆሮዎቿም በግድግዳው ሥር እንዳሉ ናቸው። ባለፈው በጋ አንድ የተበሳሳ ማሰሮ ቀይ ድንጋይ ሞልቼ፣ ከተገነደሰ የጥላ ዛፍ ላይ የተረፈ ሌላ ኦርኪድ ተክዬ ወሰድኩላት። ድንጋዩን በጣቷ እየነካካች፣ «ይህ እኮ መንገድ ላይ የሚደፋው ነው፤ በምን ይኖራል?» አለችኝ። «ያን ጊዜ ምንም አላጎደልሽበትም፤ አብዝተሽለት ነው የሞተው» አልኳት። ለጊዜው አላመነችኝም። ክረምቱ ሲወጣ ደውላ፣ ከድንጋዩ መካከል አንድ አረንጓዴ የሥር ጫፍ ወደ ውጭ መውጣቱን ነገረችኝ፤ አፈር ልጨምርበት ወይ ብላም ጠየቀችኝ።

እንዳትጨምር ለምኛታለሁ።